ሁለት ታማሚ በአንድ ባጃጅ

አባቴ ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ የዜማ መምህር ነበሩ። ከጀልባ ወርደን የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ስንይዝ ድምፃቸው ከላይ ይመጣል፤ ደኅና መሆናቸውን ሳላያቸው የማውቀው በዚያ ነበር። እኔ ለትምህርት ወደ ባሕር ዳር ተሻግሬ እዚያው ቀረሁ። አግብቼ ሹም አቦ ሰፈር ቤት ተከራየን፣ ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሥራ ያዝሁ። እናቴ ቀደም ብላ አርፋ ስለነበር አባቴ ከተማሪዎቻቸው በቀር አብሯቸው የሚኖር ሰው አልነበራቸውም።

ልጄ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ መጡ። ማዕዱ ተባርኮ ዝማሬው ሲጀመር እሳቸው መሩ፣ ግን መካከል ላይ አቆሙ። ሌሎቹ ካህናት ተቀብለው ስለጨረሱት ልብ ያለ ሰው አልነበረም። እኔ ግን አየኋቸው፤ ግድግዳውን ተደግፈው አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሱ ነበር። ያን ሳምንት እኛ ዘንድ ሲሰነብቱ ትራስ ደራርበው ተቀምጠው እንደሚተኙም አወቅሁ። እግራቸው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አብጦ ጣት ሲያርፍበት ይሰረጉዳል። ስጠይቃቸው የመቆም ብዛት ነው አሉኝ።

በዚያው ሰሞን ልጄ ጉንፋን ይዟት ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበር። ነርሷ ደረቷን ደጋግማ አዳመጠችና ልቧ ላይ ትርፍ ድምፅ ስላለ ሆስፒታል እንዳሳያት ጽፋ ሰጠችኝ። ስትጠባ ቶሎ እንደሚደክማትና ግንባሯን እንደሚያልባት ለካ ሳላውቀው ሳየው ኖሬያለሁ። ባለቤቴ የፋብሪካ ፈረቃ ነበረበት። ስለዚህ አባቴን ልጅቱን ይዘው ይከተሉኝ ዘንድ ለመንኋቸው። እውነቱን ለመናገር እሳቸውንም ላስመረምር አስቤ ነበር፤ ብነግራቸው ግን ከባጃጁ አይገቡም።

ሆስፒታል ተራ ስንጠብቅ አጠገባችን ከገጠር የመጣች እናት ከአሥር ዓመት ልጇ ጋር ተቀምጣ ነበር። አባቴ ምን እንዳገኛቸው ጠየቋት። ልጅቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ አሟት ሳትታከም እንደቀረች፣ ኋላ መገጣጠሚያዋ እያበጠ ያስነክሳት እንደነበር፣ በመጨረሻ የልቧ በር ተጎድቶ መገኘቱን ነገረችን። በየአራት ሳምንቱ መርፌ ለመወጋት ይመጣሉ። አባቴ በሳምንቱ ወደ ደሴቱ ሰው ልከው፣ ጉሮሮውን የታመመ ተማሪ ሁሉ በሎሚና በማር ብቻ እንዳይቀመጥ፣ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ አዘዙ።

የሕፃናት ሐኪሟ የልጄን ልብ በአልትራሳውንድ አየችው። ታችኞቹን ሁለቱን የልብ ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለ አለችኝ። ሲወለዱ አብሯቸው የሚመጣ ነው፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ትንሹ ብዙ ጊዜ ሲያድጉ በራሱ ይደፈናል፤ ክብደቷንና ትንፋሿን እየተከታተልን እንጠብቃለን አለች። እኔ «ቀዳዳ» ካለችው ወዲያ ያለውን የሰማሁት እያለቀስሁ ነው። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስለ አባቴ ነገርኋት። ተነሥታ እግራቸውን አየችና ራሷ ወደ አዋቂዎቹ ክፍል ወሰደቻቸው።

አባቴ በሩ ላይ ቆም ብለው ዞረው አዩኝ።

«ለእኔ ነው ያመጣሽኝ?»

«ለሁለታችሁም ነው፣ አባባ» አልኋቸው።

ልጅቱን መለሱልኝና ገቡ።

የደም ግፊት ለዓመታት ሳይታወቅ ኖሮባቸው ልባቸው ሰፍቶ ደክሟል ተባሉ። ደሙን እንደልብ መግፋት ስላቃተው ውኃው እግራቸውና ሳንባቸው ውስጥ ይጠራቀማል። አባቴ ሐኪሙን፣ የልጅቱ በራሱ ይድናል ከተባለ የእኔስ ወደ ነበረበት ይመለሳል ወይ ብለው ጠየቁት። ሐኪሙ አልሸነገላቸውም። የእርስዎ በመድኃኒት ይያዛል እንጂ እንደ ጥንቱ አይሆንም፤ ጨው ይተዋሉ፣ ዳገት አይወጡም አላቸው። ደሴቱ ደግሞ ሁለመናው ዳገት ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል አያትና የልጅ ልጅ ቀጠሯቸውን አንድ ቀን እያስደረግሁ በአንድ ባጃጅ አመላለስኋቸው። ጨው የሌለበትን ሽሮ ሳያማርሩ በሉ። የከበደን ጾም ነበር። የሚያሸናውን ኪኒን ጠዋት ይዋጡ ቢባሉ ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ ከአፌ አይገባም አሉ። የንስሐ አባታቸው ለታመመ ሰው መድኃኒት ጾም አያስፈታም ብለው ቢያስረዷቸውም እሺ አላሉም። በመጨረሻ ሐኪሙ ሰዓቱን ወደ ከሰዓት አዛወረላቸው።

ጠዋት ጠዋት ልጄን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። ከኛ ቤት ሐይቁ አይታይም። እሳቸው ግን ነፋሱን እያዩ ዛሬ ጀልባ ይሄዳል፣ ዛሬ አይሄድም ይላሉ። ሦስት ጊዜ ወደ ደሴቱ ውሰጂኝ ብለውኛል። አንዴ ጥምቀት ይለፍ አልሁ፤ አንዴ ክረምቱ ይውጣ አልሁ፤ አንዴ ደግሞ ሲሻልዎት አልኋቸው። እንደማይሻላቸው ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ፈርቼ ነው። ጀልባው ላይ ትንፋሽ ቢያጥራቸው ምን አደርጋለሁ እያልሁ እፈራ ነበር።

ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላት ሲል ሐኪሟ አልትራሳውንዱን ደጋግማ አይታ ቀዳዳው ተደፍኗል አለችኝ። አባቴ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። ስነግራቸው ተነሡና ነጠላቸውን አስተካክለው እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቀስ ብለው ምስጋና ጀመሩ። ሁለት ሐረግ ያህል እንደሄዱ ትንፋሻቸው አለቀ። አላፈሩም፣ ተመልሰው ተቀመጡ።

«አሁን ውሰጂኝ» አሉ።

በሳምንቱ ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ ጀልባ ተከራይተን ሄድን። ዳገቱ እግር ስር ስንደርስ ቀና ብለው አዩትና ወንበር ካለ እዚሁ ልቀመጥ አሉ። ተማሪዎቹ ሰምተው ወረዱ፣ ትልልቆቹም ትንንሾቹም ጉልበታቸውን ሳሙ፤ ከዚያ ሾላ ዛፍ ስር ቆመው አዜሙላቸው። አባቴ አብረው አላዜሙም። በመቋሚያቸው መሬቱን ቀስ እያሉ መቱ፤ አንዱ ሲስት ቆም አደረጉትና በእጃቸው ዜማውን ወደ ላይ አሳዩት። እንደዚያ ቀን ፊታቸው በርቶ አይቼው አላውቅም። ከሰዓት ነፋሱ ሳይመጣ ተመለስን። ጀልባው ላይ ወደ ኋላ ዞረው ደሴቱን እያዩ ተቀመጡ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሳንባቸው ውኃ ሞልቶ ሆስፒታል ገቡ፤ በአምስተኛው ቀን ዐረፉ። ተማሪዎቻቸው አስከሬኑን በጀልባ አሻግረው፣ እየተቀባበሉ ተሸክመው፣ ሐኪሙ የከለከላቸውን ዳገት አወጧቸው። እኔ ከኋላ ስከተል ደጋግሜ እየቆምሁ ጆሮዬን ወደ ላይ እጥል ነበር። የማን ድምፅ እንደምጠብቅ ገባኝና ማልቀስ ጀመርሁ።

አሁን ልጄ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ስትሮጥ አልደርስባትም። ቀጠሮ የለንም። በሆስፒታሉ በኩል ሳልፍ ግን ያ የተራ ጥበቃ አግዳሚ ይናፍቀኛል፤ ከጎኔ የአያቷ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ተጥሎላት የተኛችው ልጄና አጠገቧ የሚያንቀላፉት አባቴ። ሦስት ጊዜ እንቢ ካልኋቸው ቀኖች አንዱን መልሼ ባገኝ እያልሁ እመኛለሁ።

ስልኬ ሁልጊዜ እጄ ላይ ነበር፤ ድምፃቸውን ግን አንድ ቀን እንኳ አልቀዳሁትም። ልጄ ባለፈው፣ አያቴ ሲያዜሙ እንዴት ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ዜማ አልተማርሁም፤ ያም ሆኖ በጆሮዬ የቀረውን ልሞክርላት ጀመርሁ። ጥቂት ሰማችኝና፣ እንደዚህ ነበር እንዴ አለችኝ።

«አይ፣ እንደዚህ አልነበረም» አልኋት።