የሬዲዮ ዝምታ

ፀጉር ቤታችን ውስጥ ከእኔ ቀጥሎ ባለው ወንበር የሚሠራውን ባልደረባዬን ደንበኛው ሁሉ «ሬዲዮ» ነው የሚለው። ቶንዶሱ ቢያርፍ አፉ አያርፍም። አንዳንዴ ያናድደኛል፤ ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ እንደሱ ያለ አባት አላየሁም።

ልጁ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ትንተባተባለች። ቃል አልወጣ ሲላት ቶሎ ብሎ የሚጨርስላት እሱ ነው፤ ሱቅም ቢሆን፣ ዘመድ ቤትም ቢሆን። ነርስነት ልማር ስትል ግን ኮሌጁ የሚቀበለው በቃለ መጠይቅ ነው ተባለ። አባትና ልጅ አብረው የሚዘጋጁበት የቅዳሜ ሥልጠና ገቡ። አሠልጣኟ ልጅቷን ስሟን ብትጠይቃት ሬዲዮ መለሰ። ዕድሜዋንም እሱው መለሰ።

«አባት፣ ኮሌጅ የሚገቡት እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለችው።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱን ግን ከነከነው። ከዚያ ወዲያ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ልጁን ወንበሩ ላይ ያስቀምጥና ደንበኞች እንዲጠይቋት ያደርጋል። እሱ ማበጠሪያ በጥርሱ ነክሶ ይቆማል። ወይ ጉድ! ስንት ማበጠሪያ እንደሰበረ እኔ ነኝ የማውቀው።

የፈተናው ዕለት «አብረኸኝ ና፤ አፌን ከከፈትኩ እግሬን እርገጠኝ» አለኝ። ቤተሰብ መግባት ይፈቀድ ስለነበር ከኋላ ተቀመጥን። ፈታኙ ለምን ነርስነትን እንደመረጠች ጠየቃት።

«በሽተኛ እ... እስኪ...» ብላ ቀረች።

እኔ አላስቻለኝም፤ «እስኪድን!» ልልላት አፌን ስከፍት ሬዲዮ የእኔን እግር ረገጠኝ! ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል።

«አባትየው ሊያግዟት ይችላሉ» አለ ፈታኙ።

«ይጠብቋት ጌታዬ፤ ልጄ አፍ አላት።»

ጠበቁ።

«በሽተኛ ተ... ተናግሮ እስኪጨርስ የሚያዳምጠው ሰው ያስፈልገዋል» አለች።

እሰይ! ማለፏን እዚያው ነገሯት። እኔ ደስ ብሎኝ ስወጣ ሬዲዮ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል።

«ምን ሆነሃል? አለፈች እኮ!»

«እኔም እኮ ‹እስኪድን› ልል ነበር» አለኝ። «ይሄን ሁሉ ዓመት የልጄን ቃል የጨረስኩ መስሎኝ፣ ለካ የራሴን ነው ስናገር የኖርኩት!»

ልጅቷ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ብ... ብዙውን አግኝተኸዋል፣ አባዬ» አለችው።