ትንሿ ሽጉጥና ለግርማ የሰጠሁት ምክር

ባለፈው ሰኞ ጤና ጣቢያ ክንዴን አጋልጬ ተቀምጬ ሳለሁ ነርሷ ሳቋ መጣ። "እማማ፣ መርፌው እኮ ገና አልነካዎትም!" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እጄ ቀድሞ ሸሽቷል። ይሄን ጠባዬን ያወቅሁት በሽጉጥ ነው ብላት መርፌውን ትጥለው ነበር። ለእሷ አልነገርኳትም፤ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ጋምቤላ ውስጥ ወርቅ የሚገዛ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ፣ መዝገብ ቤት ከአቧራና ከምስጥ ጋር እየታገልኩ ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል አስገባለሁ። ወርቅ በሚቆፈርባት ዲማ ላለው ቅርንጫፍ ወርቅ መዛኝ ይፈለጋል ሲባል ልቤ ዘለለች። ወርቅ ከአፈር ተለይቶ ሲወጣ በዓይኔ ማየት እፈልግ ነበር፤ ከዚያ ፋይል ክፍል መገላገልማ ምን ይጠየቃል! ችግሩ፣ ወርቁን ይዞ መንገድ የሚወጣ ሰው ሽጉጥ መታጠቅ አለበት፤ ለመታጠቅ ደግሞ ተኩስ መፈተን አለበት። ቦታው አንድ፣ ተፈታኞቹ ሁለት፦ እኔና ግርማ።

ግርማ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ውትድርና ያየ፣ ሳቂታ፣ ትንሽ ጉረኛ። "ክላሽ የተኮሰ ሰው ለዚች ለኪስ ዕቃ ልምምድ ይሄዳል እንዴ?" ብሎ ቀረ። እኔ ግን በየጠዋቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ሜዳ ሄድኩ። አስተማሪዬ ሃምሳ አለቃ ኡጁሉ የሚባሉ የአኙዋክ ተወላጅ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ፖሊስ ነበሩ። ኩይሳ ላይ ወረቀት ይለጥፉና "ተኩሺ" ይሉኛል።

ሽጉጧ አምስት ጥይት የምትጎርስ ሪቮልቨር ናት፤ ኪስ ውስጥ ብትገባ አትታይም። ትንሽ ስለሆነች ገራም መስላኝ ነበር። ለካስ ጉዷ ትንሽነቷ ነው! ክብደት ስለሌላት ርግጫዋ በሙሉ መዳፍ ላይ ያርፋል። የመጀመሪያ ቀን እጄ አብጦ ምሳ ላይ የዓሣ እሾህ መልቀም አቃተኝ።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሽጉጧ ስትራገጥ አፈሙዟ ወደ ላይ ይነሳል፤ ጥይቶቼ ግን ሁሉም ከወረቀቱ በታች ኩይሳውን ይበሳሉ። ቢሮ ያለ ወንድ ሁሉ "ጠበቅ አድርገሽ ያዣት፤ የሴት እጅ ሆኖብሽ ነው" ይለኛል። ጠበቅ ባደረግሁ ቁጥር ይብሳል። ነገሩ ከነከነኝ። ወደ ላይ የምትራገጥ ሽጉጥ እንዴት ወደ ታች ትመታለች?

ሃምሳ አለቃን ጠየቅኋቸው። "ጥሩ ጥያቄ" አሉና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሽጉጧን አጎረሱ። ተቀብዬ አነጣጠርኩ፤ ቃታውን ሳብኩ። ቀጭ! አልተኮሰችም። አፈሙዙ ግን በራሱ ጊዜ ወደ መሬት ደፋ አለ። ለካ ከጥይቶቹ መሀል ባዶ ቀለሆች ቀላቅለውበት ኖሯል።

"አየሽ? ሽጉጥ አልመታሽም። አንቺ ቀድመሽ መታሽ" አሉኝ። "መራገጥ ሽጉጥ ሥራ ነው፣ ተይለት። አንቺ ሥራ ቀስ ብሎ መሳብ።"

ርግጫዋን እመክታለሁ ስል ራሴ ወደ ታች እየገፋኋት ኖሯል! ከዚያ ወዲህ እጀታውን ከላይ ጫፉ ድረስ በመዳፌ ሞልቼ መያዝና ሌላውን እጅ መደረብ ተማርኩ። በባዶ ሽጉጥ ደግሞ አፈሙዙ ላይ የጠርሙስ ቆርኪ ያስቀምጡና ሳልጥለው ቃታውን እንድስብ ያደርጉኛል። ያ ቆርኪ ስንቴ እንደወደቀ! ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ላቡ እጀታውን ያሟልጫል፤ ሲደክመን ጥላ ሥር ተቀምጠን ማንጎ እንበላለን። ሽጉጥ የምማር ሳይሆን ራሴን የምሰልል ይመስለኝ ነበር፤ ደስም ይለኝ ነበር።

በፈተናው ቀን ሁለት ሁለት ዙር ተሰጠን፤ የሚያዘው የተሻለው ነው። እኔ ከአምስት ሦስት አገባሁ። ግርማ በመጀመሪያው ዙር አንድ ብቻ፤ አራቱ ከወረቀቱ በታች። የኔው በሽታ! ሁለተኛውን ከመጀመሩ በፊት ላቡን እየጠረገ ጠጋ አለኝ። ሦስት ካገባ፣ ወንድና ወታደር ነውና ቦታው የእሱ እንደሚሆን አውቃለሁ።

"ወይኒ፣ በናትሽ፣ ምን ሆኜ ነው?"

"ጠበቅ አድርገህ ያዛት" አልኩት።

አንድም አላገባም። ሃምሳ አለቃ አጠገባችን ነበሩ፤ ሰምተውኛል። ጎንበስ ብለው ቀለሆቹን ለቀሙ። ፊታቸውን ማየት አፈርኩ።

ዲማ ሄድኩ፤ ወርቁንም አየሁ። ግርማ መዝገብ ቤት የኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ እዚያው ጡረታ ወጣ። ጨዋታ ሲነሳ "ምን ላድርግ፣ የኔ እጅ አያስተኩስም" ብሎ ይስቃል። እኔም አብሬው ስስቅ ኖርኩ።

ሰኞ ከጤና ጣቢያው ወጥቼ ቀጥ ብዬ ቤቱ ሄድኩ። በረንዳው ላይ አገኘሁትና ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ቢቆጣ በተሻለኝ። እሱ ግን ባዶ እጁን ወደ ፊት ዘረጋና አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

"እሺ፣ አሁን አሳዪኝ። እንዴት ነበር መሳብ የነበረብኝ?"

እጁን ይዤ አሳየሁት። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ያኔም ቢሆን ከዚያ በላይ አይፈጅም ነበር።