ጋሼ ክንፈ ያስገቡት ቀን

ባትሪው ሞቶ የሰነበተ ስልኬን ትናንት ስከፍተው፣ ገና እንደበራ «ቀኑን ያስገቡ» አለኝ። ጣቴን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። ልጄ «እማዬ፣ ቀኑ ጠፋሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ቀኑስ አልጠፋኝም።

አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ ደብረ ብርሃን አንድ ትንሽ የሹራብ ፋብሪካ ያስገቡኝ እዚያው ይሠሩ የነበሩት አጎቴ ጋሼ ክንፈ ነበሩ። አንኮበር የቄስ ልጅ ሆነው ያደጉ፣ በልጅነታቸው የደቆኑ፣ ባሕረ ሐሳብ የተማሩ ሰው ነበሩ። ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ በስንት እንደሚውል ሠራተኛው ሁሉ የሚጠይቀው እሳቸውን ነበር። በጣታቸው አንጓ ቆጥረው ወዲያው ይናገራሉ። ትንሽ ይኮሩበትም ነበር፣ ምን ይደረግ።

ያን ዓመት ባለቤቱ የእጅ ማሽኖቹን ለብረት ገዢ ሸጦ በኮምፒውተር የሚሠሩ አስመጣ። ልኩንም፣ ጥለቱንም፣ የክሩንም ውጥረት የሚያዘው ሶፍትዌር ነው። ክር ሲበጠስ ማሽኑ ራሱ አውቆ ይቆማል፤ የእኛ ሥራ የተበጠሰውን መቀጠል ብቻ ሆነ። ሁሉም ማሽን የሚታዘዝለት ኮምፒውተር አንድ ሲሆን፣ ኃላፊው ጋሼ ነበሩ።

ታኅሣሥ ላይ፣ ውርጩ ጎመኑን ባቃጠለበት ሰሞን፣ መብራት ለቀናት ጠፋ። ከጣርማ በር በኩል የሚመጣው ነፋስ በቆርቆሮው ሥር እየገባ ሲያንቀጠቅጠን፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ጠበቅን። የስንቱ ድግስ ምግብ ተረስቶኝ የዚያ ቆሎ ጣዕም ዛሬም አፌ ላይ አለ። መብራቱ ሲመጣ ኮምፒውተሩ የውስጥ ባትሪው አልቆ ኖሮ ቀን ጠየቀ። ደሞዛችንም ፈረቃችንም በእኛው አቆጣጠር ነበርና፣ ጋሼ ሳያመነቱ የእኛን ቀንና ዓመተ ምሕረት መቱ። ስክሪኑ ቀይ ሆነ።

«ምን ይላል? እስቲ እንግሊዝኛውን አንብቢልኝ» አሉኝ።

«ጊዜው ወደ ኋላ ተመልሷል፣ ተቆልፏል ይላል፣ ጋሼ።»

«ጊዜ ወደ ኋላ ይመለሳል እንዴ? እኔ የጻፍኩት የዛሬን ነው!»

ሶፍትዌሩ ግን የተገዛበትን የአገልግሎት ፈቃድ ዘመን ለማራዘም ዓመቱን ወደ ኋላ የመለሰ ሌባ የመጣበት መስሎት ነበር። የፈረንጁን ቀን ብናስገባም አልከፈተም። መክፈቻው ያለው በሠራው የውጭ አገር ድርጅት እጅ ነው፤ ድርጅቱ ደግሞ ከስሯል፣ ስልክ የሚያነሳ የለም። ማሽኖቹ ምንም ሳይጎድላቸው ክር እንደያዙ ቆመው ቀሩ። በጥምቀት ማግሥት ሁላችንንም አሰናበቱን።

እኔ ደብረ ሲና ወርጄ ለመንገደኛ ቆሎ መሸጥ ጀመርኩ። ጋሼ አንኮበር ገቡ። ጎረቤት «ጾሙ መቼ ይገባል?» ሲላቸው «ቄሱን ጠይቁ» ይሉ ነበር። በጣታቸው ሲቆጥሩ ዳግመኛ አላየሁም። ሊሞቱ ሰሞን ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «በማን አቆጣጠር?» አሉ።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ራሱን በራሱ የሚያሠራ ፋብሪካ እየበዛ ነው። ባለፍኩ ቁጥር መክፈቻውን የት አገር ያለ ማን እንደያዘው አስባለሁ፤ ልቤ ይከብዳል። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያወቀው ነገር ትክክል ሆኖ ሳለ ምንም እንደማይረባ ማየት ተስፋ ያስቆርጣል።

ስልኩን ለልጄ ሰጠኋት። ምንም ሳታስብ የፈረንጁን ቀን መታች። ወዲያው ተከፈተ።