የጎረቤቴ የማታ ልማድ

ዮጋ ልንማር የዕድራችን አዳራሽ ውስጥ የተሰበሰብነው ሴቶች ብቻ ነን። አስተማሪዋ ጫማዋን አውልቃ በሩ አጠገብ ቆማለች። ምድር ቤት የምትኖረው ጎረቤታችን ጉልበቷን ስለሚያማት መስኮቱ ሥር በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጣለች። ጡረታ የወጣችው ነርስ ከቤቷ ያመጣችውን ምንጣፍ መሀል ላይ ዘርግታ ቆማለች። ጓደኛዬ ከነርሷ ጎን ናት። እኔ የዕድሩ ድስቶችና አግዳሚ ወንበሮች የተደረደሩበት ጥግ፣ ከሁሉም ኋላ ቆምኩ።

የምንኖረው ጎፋ፣ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ጓደኛዬ ሁለተኛ ፎቅ፣ እኔ ከእሷ በላይ። ቀድሞ ነፋስ ስልክ አንድ ግቢ ውስጥ ኖረናል። ቤቶቹ ሲፈርሱ ዕጣው አንድ ሕንፃ ላይ ጣለን። ባሏ ከሞተ ወዲህ መሸትሸት ሲል ወደ እኔ ትመጣለች። አታንኳኳም፤ በሩን ገፋ አድርጋ ትገባለች። እኔ አወራለሁ፣ እሷ ትሰማለች። ስትስማማ፣ ሁላችንም እንደምናደርገው፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ ታደርጋለች። ያን ድምፅ ስሰማ ወሬዬን እቀጥላለሁ። የቴሌቪዥኑ ዜና ሲያልቅ ተነስታ ትወርዳለች። ልጆቼ የየራሳቸውን ቤት ይዘዋል፤ ቀን ቀን ብዙ የማናግረው ሰው የለኝም።

አስተማሪዋ የጎረቤት ልጅ ናት። ሆስፒታል ውስጥ አካላቸው የተጎዳ ሰዎችን እንቅስቃሴ ታሠራለች። ቤተሰቦቿ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ልጅቷ ዮጋ መማሯን እናቷ የሰማች ቀን ጸሎት አስይዛባት ነበር ይባላል።

የምድር ቤቷ ገና ሳንጀምር፣ «ልጄ፣ ይኼ ነገር የማን ሃይማኖት ነው? እኔ ነገ ሀና ማርያም የምሳለም ሰው ነኝ» አለቻት።

«እማማ፣ መተንፈስ ብቻ ነው። የሚጸለይ ነገር የለውም።»

«መተንፈስማ ሳልማር ይኸው እዚህ ደረስኩ!»

ተሳቀ። ልጅቷም ሳቀች። እጃችንን ሆዳችን ላይ አስደርጋ በአፍንጫ ማስገባት፣ ከዚያ ካስገባነው ረዘም አድርጎ ማስወጣት አሳየችን።

«ሳናውቀው የምናደርገው ብዙ ነገር አለ» አለች። «ሲመጣባችሁ አትታገሉት። በረጅሙ ተንፍሱና አሁን ምን ተሰማኝ ብላችሁ እዩት። ልማዱ ይዟችሁ ከመሄዱ በፊት ትንሽ ፋታ ታገኛላችሁ።» ከዚያ እያንዳንዳችን ልንተወው የምንፈልገውን ልማድ እንድንናገር ጠየቀችን።

«እኔ ሳላውቀው የማደርገው ባሌን መቆጣት ነው» አለች የምድር ቤቷ። «እሱን ካስተውሽኝ ግን ሰውዬው ምን ሆነችብኝ ብሎ ይታመማል።»

ነርሷ ጥፍሯን እንደምትነክስ ተናገረች። የጓደኛዬ ተራ ደረሰ።

«እኔ ሲመሽ ደረቴን ያፍነኛል» አለች። «ቤቴ መቀመጥ አልችልም። እግሬ ሳላዘው ደረጃውን ወጥቶ እሷ ቤት ይገባል።» ዞር ብላ በእጇ እኔን አሳየች። «ይኼ ነገር እንዲተወኝ ነው የምፈልገው።»

በክፋት አልተናገረችውም፤ ማንም ክፉ ነገር አልሰማበትም። እኔ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ወዳኝ የምትመጣ ይመስለኝ ነበር።

«እርስዎስ እማማ?» አለችኝ ልጅቷ።

«የለኝም» አልኩ።

ጓደኛዬ የየቅዳሜውን ትምህርት ያዘችው። መጀመሪያ ከለመደችው ሰዓት አርፍዳ መጣች፤ ቆይቶ አንዳንድ ማታ ትቀር ጀመር። ስትመጣም አፏ ላይ ያለው «ልጅቷ እንዳለችው» ነው። አንድ ቀን ስለ ውኃው መጥፋት እያወራኋት ያ የትንፋሽ ድምፅ ቀረብኝ። ዓይኔን እያየች ዝም አለች።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«እየሰማሁሽ ነው። አሁን ሳላስበው ትንፋሼን አልስብም። የምስማማበት ሲመጣ እነግርሻለሁ።»

«ድሮስ አትስማሚም ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ልማድ ነዋ።»

ቴሌቪዥኑን ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

ሁለት ማታ በተከታታይ ስትቀር ቆሎ በሳህን ይዤ ወረድኩ። በሯ ገርበብ ብሏል። ልጅቷ ምንጣፉ ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች፤ ጓደኛዬ ከፊቷ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትስቃለች። እኔ ቤት እንደዚያ ስቃ አታውቅም።

«ግቢ እንጂ! ከእኛ ጋር ተንፍሺ» አለችኝ።

«እሳት ላይ የጣድኩት አለ» አልኩ። ምንም አልጣድኩም። ቆሎውን እንደያዝኩ ተመለስኩ። በዚህ ዕድሜዬ የልጅ ልጄ በምትሆን ሴት ቀናሁ።

ቤቴ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ እንደተባለው ሞከርኩ። አስገባሁ፣ በረጅሙ አስወጣሁ፣ ምን ተሰማኝ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ጆሮዬ ደረጃው ላይ ነበር፤ ኮቴ ይጠብቃል። ልጅቷ ያለችው ፋታ ግን አልመጣልኝም። ስንቴም ብተነፍስ ጆሮዬ ከዚያ አልተነሳም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ጓደኛዬ ሳትጠየቅ ተነሳች።

«ሰሞኑን መምሸቱ ምንም አላደረገኝም» አለች። «ራቴን ብቻዬን በልቼ፣ በሬን ዘግቼ ተኛሁ። ባሌ ከሞተ እንዲህ አድርጌ አላውቅም።»

አጨበጨቡላት። እኔም አጨበጨብኩ። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች።

«እሷንም ስንት ጊዜ አስቸግሬያታለሁ። አሁን ታርፋለች።»

«ተገላገልሽ በያት!» አለች የምድር ቤቷ። ሁሉም ሳቁ።

«አላስቸገርሽኝም» አልኩ። ድምፄ ከሳቁ በታች ሆነ፤ የሰማኝ ያለ አይመስለኝም።

«በሉ እንጀምር» አለች ልጅቷ። «ዓይናችሁን ጨፍኑ። ቀስ ብላችሁ አስገቡ።»

መጀመሪያ የጨፈነችው ጓደኛዬ ናት። ፊቷ ረጋ ብሏል። ጥቂት አየኋት። ሁሉም ትንፋሻቸውን ማስወጣት ሲጀምሩ ነጠላዬን ከወንበሩ ላይ አነሳሁ፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ በሴቶቹ መሀል አለፍኩና ወጣሁ።