ራዲዮ በአፍንጫው የመሰከረ ዕለት

አዋጅ! ጆሮ ያለህ ጆሮህን፣ ስልክ ያለህ ስልክህን ክፈት! የአንዲት ወንበርና የአንድ ስንጥቅ መስታወት ባለቤት፣ የመቀስ ጌታ፣ የምላጭ አዛዥ፣ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ራዲዮ፣ ፀጉር መቁረጡ አልበቃ ብሎት የሰው ጉሮሮ መዝጋት ጀምሯልና እወቁት!

ራዲዮ የሚለውን ስም ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ ማጥፊያ የለውም ለማለት። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ አንገቱ በጨርቅ ታስሮ፣ ምላጭ ጉሮሮው ላይ ተደግኖበት ስለሚያዳምጥ፣ ዕድሜ ልኩን የሚቃወመው ሰው ገጥሞት አያውቅም። እንዲህ ያለ ኑሮ ደግሞ ማንንም አዋቂ ነኝ ያሰኛል። ስልክ ሲገዛ ለአዋቂነቱ ሰፊ አደባባይ ያገኘ መሰለውና የራሱን ስምና ፊት ሳያወጣ ገጹን «እውነት አነፍናፊ» ብሎ ሰየመው። ለወራት ከሚስቱና ከሚስቱ እህት በቀር ላይክ ያደረገለት አልተገኘም። የሚስቱ እህትም ጣቴ ስቶ ነው ብላለች።

ከዚያ መኪናው ተገለበጠ።

ቱሪስቶች የጫነ ሚኒባስ ዝናብ ያራሰው ጠመዝማዛ ላይ ተንሸራቶ ቦይ ገባ። አንዲት ጎብኚ እግሯን ተሰበረች፣ ሾፌሩ ክንዱን፤ ሌሎቹ ተላላጡ። የሞተ የለም። ስልክ ላይ ግን እስከ ምሳ ሁለት ሰው ሞተ፣ ከምሳ በኋላ ሰባት። ቀኑ ሳይመሽ ሾፌሩ ድንበር ተሻግሮ አመለጠ፤ ሰውየው ያኔ ሆስፒታል ተኝቶ ክንዱን በጀሶ እያሳሰረ ነበር። ከመኪናው ካወጡት መንገደኞች አንዱ ደግሞ «ሾፌሩ አልኮል አልኮል ይሸታል» ብሎ ጻፈ።

ራዲዮ የሾፌሩን ፎቶ ሲያይ ከመቀመጫው ዘለለ። ደንበኛው ነው! የዚያኑ ዕለት ማለዳ የላጨው እሱ ነው። ሲያስበው፣ እውነትም ጎንበስ ሲል ያ ሽታ አፍንጫውን መትቶት ነበር። ጊዜ አልፈጀም፤ «ደንበኛዬ ነው። ጠዋት አጠገቡ ነበርኩ። እኔንም ሸቶኛል» ብሎ ለጠፈ።

ሼሩ ጎርፍ ሆነ። ራዲዮ በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሲጠጣ አይተኸዋል?» አለችው ሚስቱ።

«አፍንጫ አይዋሽም።»

«እሱማ አይዋሽም። ከሥሩ ያለው ነው የሚዋሸው» አለችና ልብስ ማጠፏን ቀጠለች።

ጥቂት ሰንብቶ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ሊላጭ መጣ። ራዲዮ ላጭቶ ሲጨርስ እንደ ልማዱ መዳፉ ላይ አልኮል አፍስሶ የልብስ ሰፊውን ጉንጭና አንገት አሸው።

«ኧረ ቀስ! እንዲህ ነክረህ ሰደኸኝ፣ ሚስቴ የት ስትጠጣ ዋልክ ብላ በር ልትዘጋብኝ ነው!» ብሎ ሳቀ ልብስ ሰፊው።

ራዲዮ አልሳቀም። መዳፉን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ያን ማለዳም ይኸው ጠርሙስ፣ ይኸው መዳፍ ነበር። ያ የተከበረ አፍንጫ ጥፋተኛ ሊያነፈንፍ ወጥቶ የገዛ ጌታውን እጅ አሽትቶ ተመልሷል! የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ በአልኮልም እንደማይታሽ ያን ቀን ገባው።

ጽሑፉን አጠፋው። ማጥፋት ብሎ ነገር! ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሰው ቀድሞ ፎቶ አንስቶታል፤ አሁን «አስፈራርተው አስጠፉት» የምትል ጨምሮ ያዞረው ጀመር። ከዚያ ወዲያ ራዲዮ ጠርሙሱን ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞር ነበር።

ሾፌሩ ክንዱን አንግቶ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው።

«እስቲ ላጨኝ፣ በአንድ እጅ አልሆነልኝም። መሥሪያ ቤት ተጠርቻለሁ፤ ሊያሰናብቱኝ ነው መሰል።»

«ሐኪም ደምህን አላየውም እንዴ፣ ጋሼ?»

«አይቶ ንጹህ ነው ብሏል። አለቃዬም አላመነኝም አልልም። ‹ቱሪስት ግን ስልክ እንጂ የደም ውጤት አያነብም፤ ያ ደንበኛዬ ነው ያለው ሰው ቃሉን ካላነሳ መሪ አልሰጥህም› ነው ያለኝ። እኔ የማን ደንበኛ ነኝ? የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ይሆን? ከእሱ ጋር እንኳ ክፉ ተነጋግረን አናውቅም…» ሾፌሩ አረፋ በአረፋ የሆነ አገጩን ቀና አደረገ። «በል አደራ፣ ዛሬ አልኮሉን ተወው። የአገሩ አፍንጫ ሁሉ እኔ ላይ ነው።»

ምላጩ ቆመ።

«የዳቦ ቤቱ አይደለም» አለ ራዲዮ፤ ድምፁ እንደ ጠፋ ጣቢያ ተንሿሿ። «እኔ ነኝ፣ ጋሼ። የሸተተኝም የራሴ እጅ ነው።»

ሾፌሩ በስንጥቁ መስታወት ውስጥ አየው። ቢሰድበው ለራዲዮ ዕረፍት ነበር።

«ግማሹ ቀርቷል» አለ በመጨረሻ። «ጨርስ።»

ራዲዮ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፍሽ ሳይል ላጨ። ጨርቁን ሲፈታለት ይቅርታ አድርግልኝ ብሎ ሊያጎነብስ ሲል፣ ሾፌሩ በደኅናው እጁ ከለከለው።

«እኔማ እንዳልጠጣሁ ድሮም አውቃለሁ። ለእኔ መንገርህ ምን ይፈይዳል? ለነገርካቸው ንገራቸው።»

ነገራቸው። ፊቱን፣ ሱቁንና ጠርሙሱን አሳይቶ፣ የላጨሁትም የቀባሁትም እኔ ነኝ፣ የዋሸሁበትም እኔ ነኝ ብሎ ጻፈ። ሁለት ላይክ አገኘ፤ አንዱ የሚስቱ፣ አንዱ የሚስቱ እህት፤ እሷም በዚህኛው ጣቷ አልሳተም። ከሥሩ አንድ ወሬኛ «ስንት ከፈሉህ?» ሲል ጠየቀው። የሾፌሩ አለቃም አንብቦ ራሱን ነቀነቀ፤ «ደግ ነው፤ የፊተኛውን ያየ ሰው ሁሉ ይህንን ሲያይ ያኔ ና» ብሎ ሾፌሩን ወደ ቤቱ መለሰው። ራዲዮ አሁን አንድ ፀጉር በቆረጠ ቁጥር ስልኩን ያያል። ሁለት። ያው ሁለት።

እንግዲህ አንተ የተከበርክ አንባቢ፣ የፊተኛውን ማንም ሳይለምንህ ነው ያዞርከው። አላዞርኩም ካልክ ገጽህን ወደ ኋላ ሄደህ እይ፤ እኔ እጠብቅሃለሁ። አየህ? የተሰበረው የሾፌሩ ክንድ ነው፣ ያንተ አውራ ጣት ደኅና ናት። እስቲ እባክህ፣ ይህችን ሁለተኛዋን ደግሞ…