ሰላምታ የማይጨርስ ስልክ

መካነ ሰላም ላይ ኢንጂነር ለመባል ዩኒቨርሲቲ መግባት ግድ አይደለም። ደሳለው ቻርጀር ሲጠግን ኖሮ፣ ከቪዲዮ ላይ ድረ ገጽ መሥራት ተማረና ለጋሽ ገበየሁ አውቶቡስ በስልክ ወንበር መያዣ ሠራላቸው። በነጋታው አገሩ ሁሉ «ኢንጂነር» አለው። እሱም አልተከራከረም፤ ያን ያህል ትሑት አይደለም።

ችግሩ ኔትወርኩ ነው። «ወንበር ያዝ» የሚለውን ሲጫኑት ገጹ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ግማሽ ደቂቃ ምንም የለም። እመት የሻለም ዓይናቸውን ሊታከሙ ደሴ ሲሄዱ፣ ልጃቸው ከጅዳ በላከችላቸው ስልክ አንዴ ተጫኑ፤ ዝም። ደገሙ። አሥራ አንድ ጊዜ ተጫኑ። ጠዋት አሥራ አንድ ወንበር በስማቸው ተይዞ ተገኘ። መናኸሪያው በር ላይ ሰው እየተራገመ ቀርቶ፣ እሳቸው እንደ ሚኒስትር ዙሪያቸውን ባዶ ወንበር አስከብበው አቀስታን አልፈው ደሴ ገቡ።

ጋሽ ገበየሁ ደሳለውን አስጠሩት።

«እስከ ዓርብ አስተካክል። አለዚያ እኔ ወደ መመዝገቢያ ደብተሬ፣ አንተ ወደ ቻርጀርህ!»

ደሳለው ገጹ እስኪመጣ የሚሽከረከር ክብ አስገባ። የሱቅ ጎረቤቱ ጠይባ አየችውና ደነገጠች።

«ውይ! ይሄ ነገር ራሱን አዞረው እንዴ?» ብላ እንዲቆምላት በአውራ ጣቷ ደጋግማ ተጫነችው። አራት ወንበር።

ክቡን አጥፍቶ «እባክዎ ይጠብቁ» ብሎ ጻፈ። ይሄኛው ባሰ። ጠይባ አንብባ ስልኳን ዘጋች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ቤቴ ነዋ! የትኛው ቢሮ ነው ጠብቁ ብሎ በዚያው ቀን የጨረሰ? ነገ እመለሳለሁ።»

ሐሙስ ዕለት ደሳለው ሱቁ በር ላይ ቆሞ የዱሮ ሙያውን እያሰበ ሲተክዝ፣ እመት የሻለም ከደሴ ተመልሰው ከጠይባ ጋር ተገናኙ። ካፊያ ጀምሯል። «አፊያ ነዎት?» «አልሐምዱሊላህ፤ ልጆች አማን?» «ላሟስ ወለደች?» ካፊያው ዶፍ ሆነ። አንዳቸውም አልተነቃነቁም። ሰላምታ ሳያልቅ ማን ይሄዳል?

ደሳለው ወደ ኮምፒውተሩ ሮጠ። ኔትወርኩ በሚያዘግምበት ጊዜ በየሦስት ሰከንዱ አንድ መስመር ብቅ እንዲል አደረገ፦ «እንዴት ሰነበቱ?» «ቤተሰብ አማን?» «ከብቱስ?» «አዝመራው እንዴት ያዘ?» «ወንበርዎን እየያዝንልዎ ነው፤ አብሽሩ።»

ያን ቀን ከሰዓት ተሳፋሪው ሁሉ ከስልኩ ጋር ሲመራረቅ ዋለ። «ተመስገን፣ ገብሱን ውርጭ ነካው እንጂ!» ይላል አንዱ። ሁለቴ የተጫነ አልነበረም፤ ሰው እየጠየቀህ ማን ይነካካል?

ዓርብ ጋሽ ገበየሁ ራሳቸው በደሳለው ስልክ ሊሞክሩት መጡ። ኔትወርኩ ግን የደሳለው ጠላት ሆኖ ነው መሰለኝ፣ በታሪኩ ፈጥኖ የማያውቀውን ያህል ያን ዕለት ፈጠነ። «እንዴት ሰነበቱ?» አለ። «ቤተሰብ አማን?» አለ። ጋሽ ገበየሁ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ተመስገን፤ ባለቤቴን ወገቧን—» ሲሉ ቲኬቱ ዱብ!

ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ምን ያለ ባለጌ ነው! የባለቤቴን ወገብ እየነገርኩት ጥሎኝ ይሄዳል?»

«ጋሼ፣ ኔትወርኩ ፈጥኖ ነው…»

«ይፍጠና! ፈጠንኩ ተብሎ ሰው ሰላምታ ይቆርጣል? የማን ቤት ልጅ ነው?»

 ደሳለው ራሱ ያሳደገው ነውና የማን እንደሆነ ያውቃል።

«ስማኝ» አሉ ጋሽ ገበየሁ ስልኩን እየመለሱለት፤ «ወንበር ሁለቴ አለመያዙን አይቻለሁ፤ ሥራህን አልነካም። ግን ከብቱንም አዝመራውንም ሳይጠይቅ፣ መልሱንም ሳይሰማ ቲኬት እንዳይሰጥ።»

ኢንጂነሩም ቁጭ አለና ገጹ ቢፈጥን እንኳ ግማሽ ደቂቃ የሚያስጠብቅ ትእዛዝ ጨመረበት። ጋሽ ገበየሁ እንደገና ሞከሩ፤ የባለቤታቸውን ወገብ እስከ መጨረሻው ነገሩት። ቲኬቱ መጣ።

«እንዲህ ነው እንጂ መፍጠን!» አሉ።