ሁለት መመሪያ የሚወስደው ሰውዬ

አሜሪካ፣ ቬርሞንት ውስጥ ከሜፕል ዛፍ የቀዱትን ውሃ አፍልተው ሽሮፕ የሚያወጡ ገበሬዎች በየዓመቱ ጥር ላይ ለሥልጠና ሲሰበሰቡ፣ በሩ ላይ ተቀምጣ የታተመውን መመሪያ የምታድለው ሎርና ናት። ሳይቀር የሚመጣ አንድ ሰውዬ አለ፤ ስሙን ጠይቃው አታውቅም፤ በካፖርቱ ነው የምትለየው። እጅጌው በእሳት ፍንጣሪ ተበሳስቷል፤ ቁልፎቹ ግን አንድም ሳይጎድሉ በቀይ ክር ጠብቀው ተሰፍተዋል። ሁልጊዜ ሁለት መመሪያ ይወስዳል። "አንዱ ቤት ላለችው አለቃዬ ነው" ይላታል እየሳቀ።

ዘንድሮ ከካፖርቱ አንድ ቁልፍ ጎድሏል። እንደ ልማዱ ሁለት መመሪያ አነሳና ከኋላ ሄዶ ተቀመጠ፤ አንዱን አጠገቡ ባለው ባዶ ወንበር ላይ አኖረው።

አሰልጣኙ "ድስቱ እየፈላ ለአፍታ እንኳ ጥላችሁት እንዳትወጡ!" ሲል ሰውዬው እጁን አወጣ።

"እንጨት ላመጣ ስወጣስ ማን ያየዋል?"

"አባባ፣ ከድስቱ በላይ የአሳማ ስብ በገመድ ያንጠልጥሉ። አረፋው ሲገነፍል ስቡን ይነካና ይከስማል። የድሮ ሰዎች እንዲያ አይደል የሚያደርጉት?"

"እሱማ ተንጠልጥሏል" አለ ሰውዬው። "ግን 'ና ግባ፣ በረዶ ላይ ምን ገተረህ!' ብሎ አይቆጣኝም።"

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ሎርና ብቻ አልሳቀችም።

ሲወጣ አንዱን መመሪያ ጠረጴዛዋ ላይ መለሰላት።

"ለሚፈልግ ሰው ስጪልኝ" አላትና፣ ካፖርቱን ሊቆልፍ እጁን ሰደደ፤ ቁልፉ የነበረበትን ቦታ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ወደ በረዶው ወጣ።